በአደጋ መውጫው አጠገብ ያለው ወንበር

ሲንጋፖር፣ ማርች 6 ቀን 1994

ለታላቄ ለኩያ መስዮ፣

የባክላራኗ እመቤት እርስዎንም ልጅዎን ሉሚንግንም በጥላዋ ሥር ታኑርልኝ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ ደህና ነኝ። ሰው ፊት ስለ እርስዎ ሲነሳ "የአጎቴ ልጅ" ማለት ይተናነቀኛል። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያበሉኝ፣ መርፌ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ "ወንድሜ" ብዬ አልፋለሁ።

ካቻምና የጠየቁኝን የቆራጭ መቀስ ይኸው ዛሬ ገዛሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ስምንት ድርብ ጨርቅ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ወደ አገር ቤት የምትመለስ የሰፈር ልጅ ሳገኝ እልካለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀው ነበር። ምን ብዬ ልንገርዎት? ሰው አውሮፕላን ሲያይ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ እኔ የማየው ከወንበር ሥር ያለውን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ አውሮፕላን ለጥገና ገባና ወንበሮቹን በሙሉ ነቅለን አወጣን። የተቆረጠ የእግር ጥፍር፣ የታኘከ ማስቲካ፣ የተጋጠ የዶሮ አጥንት፣ ተጠቅልሎ ከወንበር ኪስ የተወተፈ የሕፃን ሽንት ጨርቅ። አንዱ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ጥሎ ሄዷል፤ ምን በልቶ እንደወረደ እንጃ። ምንጣፉ ሲነሳ የወጣው ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። አንደኛ ማዕረግ የሚሉት ደግሞ ይብሳል፤ ሀብታም ሲያቆሽሽ ደረቱን ነፍቶ ነው። አለቃችን ሚስተር ኮህ "ሳሉድ፣ አፍንጫሽን ቤት ትተሽ ነይ" ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ የሚገላብጠው ወረቀት ነው።

ከጽዳቱ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ግን እወደዋለሁ። የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን እንፈትሻለን። በክንፉ በኩል ያሉት እንደ ቤት በር አይከፈቱም። እጀታውን ይስቡታል፣ በሩ እንዳለ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ይመጣል፣ ከዚያ አቅፈው ወደ ውጭ ይወረውሩታል። እሳት ከተነሳ ሰው ሁሉ በዘጠና ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭስ ነው። በሩ እሺ ብሎ ሲወጣልኝ ቀኔን ሙሉ ደስ ይለኛል።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ወደ ደቡብ ደሴቶቻችን የሚበረው የዚያ ትንሽ አየር መንገድ አንዱ አውሮፕላን በዚህ ወር ሃያ ሁለት እኛ ጋ ይገባል። ወንበሮቹ አምና የታደሱት እናንተ ጋ፣ በአሠሪዎ በማንግ ኦኖሪዮ ፋብሪካ ነው አሉ። ለባልደረቦቼ ሁሉ "የወንድሜ እጅ እየመጣላችሁ ነው፣ ስፌት ምን እንደሆነ ታያላችሁ" ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። እንዳያሳፍሩኝ።

እጅዎን ግንባሬ ላይ አድርጌ፣
ሳሉድ


ፓራኛኬ፣ ማርች 16 ቀን 1994

ለእህቴ ለሳሊንግ፣

ጤናና ሰላም ካለሽበት ድረስ ይከተልሽ። ወገቤ እንዳለ ነው፤ እኔ ስተኛ እሱ ይነሳል፣ እኔ ስነሳ እሱ ይተኛል፣ እንዲህ እየተፈራረቅን ቀኑን እንገፋዋለን።

መቀሱን አትላኪው። አሁን የምቆርጠው ነገር የለም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ከተነሳሁ ከዓመት በላይ ሆነኝ፤ አልጻፍኩልሽም መሰለኝ። ማንግ ኦኖሪዮ ፈታሽ አድርጎኛል። ነጭ ጋዋን ለብሼ ስገባ ሴቶቹ ከየስፌት መኪናቸው ቀና ብለው "ዶክተር መጣ፣ ምላስሽን አውጪ" እየተባባሉ ይሥቁብኛል። ሥራዬ ከወንበር ትራስ የተቆረጠ ቁራጭ ሳጥን ውስጥ ሰቅሎ ከሥሩ እሳት መለኮስ ነው። እሳቱን ሳነሳው ቁራጩ መጥፋት አለበት፤ ከጠፋ እፈርማለሁ። ቀኑን ሙሉ ፊርማ ነው። ስለዚህ መቀሱ ይቅርና ደህና እስክሪብቶ ላኪልኝ።

ሉሚንግ ሥራ ይዛለች፣ ተመስገን። ያስገባልኝ አበልጄ ነው፤ መቼም ከጥምቀት ውኃ ያነሳት ማንግ ኦኖሪዮ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቢሮ ነገር ነው። ዝርዝሩን ስትመጪ።

ያ ያልሽው አውሮፕላን ሲገባ ወንበሮቹ ላይ ጊዜሽን አታባክኚ። አዲስ ናቸው፣ ምን ይገኝባቸዋል? ሌላው ሰው ይያቸው። ደግሞስ የዓመት ፈቃድ የለሽም እንዴ? ለትንሣኤ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? አሳማ እናስጠብሳለን። እስኪ አስቢበት፣ ከሃያ ሁለት በፊት ብትነሺ መንገዱም አይጨናነቅም።

አምላክ ይጠብቅሽ፣
ወንድምሽ መስዮ


ሲንጋፖር፣ ማርች 30 ቀን 1994

ለኩያ መስዮ፣

ሰሙነ ሕማማቱን በሰላም ያስፈጽምዎት። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስልክ እንዳልደውል ስልኩ ማንግ ኦኖሪዮ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ በማምናት ሆስተስ እጅ ልኬዋለሁ፣ መልሱንም በእሷው እጅ ይስጡልኝ።

አውሮፕላኑ ገባ። ዓርብ ጠዋት የክንፉን መውጫ ልንፈትሽ እኔና ሚስተር ኮህ ገባን። እሱ ሰዓት ይዞ ቆመ፣ እኔ እጀታውን ሳብኩ። በሩ ዘንበል አለና ቆመ። ደግሜ ሳብኩ፣ አልመጣም። ብንመለከት ከአጠገቡ ያለው የወንበር ትራስ ከመጠኑ በሁለት ጣት ያህል ወፍሮ የበሩን የታች ጠርዝ ቀርቅሮ ይዞታል። ሁለት ሰው ሆነን ስንታገል አርባ ሰከንድ ፈጀብን። ኮህ ሰዓቱን ዘጋና "እኛ እኮ እየተረጋጋን ነው። በጭስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ይህን በር ስትከፍተው ይታይሻል?" አለኝ። ከዚያ ትራሱ ተቀርፎ እንዲሳሳ አዘዘኝ፣ እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ወስጄ ልብሱን ፈታሁት።

ግራጫው ጨርቅ የለም፣ ኩያ። ውስጡ ቢጫ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ዲቪሶሪያ ገበያ በሜትር የሚሸጠው። ለካ የወፈረውም ለዚህ ነው፤ ርካሹ ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት ስለሚሟሽሽ አሳብጣችሁ ነው የሠራችሁት። "ስፖንጅ ማለት ቤንዚን ነው፣ ሰው እስኪወጣ እሳቱን የሚይዝልን ግራጫው ጨርቅ ብቻ ነው፣ እሱን የነካ ሰው ነፍስ ነካ" ብሎ ያስተማረኝ ማን ነበር? ሌላ ስድስት ወንበር ፈታሁ። ስድስቱም ያው ናቸው።

ኮህ ምሳ ሲወጣ አውራ ጣቴን የምታህል ቁራጭ ከሃንጋሩ ጀርባ ለኮስኩ። ጨርሶ ለመንደድ ጊዜ አልፈጀባትም። እየቀለጠች፣ እየተንጠባጠበች፣ ጥቁር ጭሷ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ዝፍት የሚመስል ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። በሳሙና ስታጠብ ውዬ አሁንም ይሸተኛል። የሰው ቆሻሻ ስጠርግ ስምንት ዓመት ሆነኝ፣ እንዲህ ተጸይፌ አላውቅም።

ከእያንዳንዱ ትራስ ሥር "ተፈትሿል" የሚል ምልክት ተሰፍቷል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ያ ጅራቱ ወደ ላይ የሚቆለመም ፊርማ የማን እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም።

እኛ ጋ ጉድለት ሲገኝ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ የጻፈው ሰው ስም ከሥሩ ይሰፍራል፣ አንዴ ከሰፈረ ደግሞ የሚፍቀው የለም። ስለ በሩ ኮህ ጽፏል። ስለ ግራጫው ጨርቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባዶው ካርድ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አውሮፕላኑ ኤፕሪል ሃያ አምስት ይወጣል፤ ካልጻፍኩ አንድ መቶ አሥራ አራት ሰው ጭኖ ይበራል። ከጻፍኩ ደግሞ ፊርማው የማን እንደሆነ መፈለጉ አይቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያውቁ ነበር?

እጅዎን ግንባሬ ላይ አድርጌ፣
ሳሉድ


ፓራኛኬ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1994

ለሳሊንግ፣

እንደምን ሰነበትሽ። መልሱ የዘገየው በሕማማቱ ምክንያት ነው። ያቺ ሆስተስም ሁለት ጊዜ መጥታ አጥታኛለች። እውነቱን ልንገርሽና፣ ቤት ነበርኩ።

አዎ፣ አውቅ ነበር።

አሁን ረጋ ብለሽ ስሚኝ። የበረራ መሥሪያ ቤቱ መርማሪ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፣ ከመምጣቱ በፊትም ይደውላል። እኛ ጋ በደንቡ የተሠራ አንድ ትራስ አለ፣ ትክክለኛው ስፖንጅ፣ ግራጫው ጨርቅ፣ ሁሉም ያለው። የሚኖረው መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሴቶቹ "ሳንቶ" ይሉታል፤ እንደ ደብሩ ቅዱስ ሐውልት ለክብረ በዓል ብቻ ስለሚወጣ። መርማሪው ሲመጣ ሳንቶ ይወጣል፣ ከእሱ ላይ ቁራጭ ይነሳለታል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይለኮሳል፣ ይጠፋል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ መርማሪው ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ሳንቶ ተቆርጦ ሲያልቅ ሌላ ሳንቶ ይሰፋል። የመጀመሪያውን ቀን አንገሸገሸኝ። ሁለተኛው ቀን ቀለል አለ። አሁን ምንም አይለኝም።

ምን ላድርግ ትያለሽ? አበልጄ ነው። ፈታሽ ሲያደርገኝ ትከሻዬን አቅፎ "ኩምፓሬ፣ አበልጄ፣ ይህን ቦታ ለባዳ አልሰጥም" ነው ያለኝ። የሉሚንግን ትምህርት ቤት የቻለው እሱ ነው። አንቺንስ ቢሆን ለሲንጋፖር የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልሽ ማን ነው? ዛሬ ዞረን እሱን ልናስይዝ? ፊቱን እንዴት አየዋለሁ?

አንድ መላ መጥቶልኛል። በእጄ ስምንት ትራስ በደንቡ እሰፋለሁ፣ ግራጫው ጨርቅ ያለው፣ ልኩን የጠበቀ። በዚያችው ልጅ እልክልሽና በክንፉ መውጫ አጠገብ ያሉትን ትቀይሪያቸዋለሽ። በሩ ይከፈታል፣ እሱ አካባቢም እሳት አይይዝም። ሌሎቹ መቼም ከመውጫው ራቅ ያሉ ናቸው። ደግሞ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ አውሮፕላን ስንት ጊዜ ነው የሚቃጠለው?

ያን ካርድ ባዶውን ተይው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፤ እስክሪብቶውም ይቅር።

ወንድምሽ መስዮ


ሲንጋፖር፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1994

ኔሜስዮ፣

እርስዎ ልልህ ሞክሬ ብዕሩ እምቢ አለኝ።

"ሌሎቹ ከመውጫው ራቅ ያሉ ናቸው" ብለህ ጻፍክልኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ከበሩ አጠገብ ያለው ሰው ይዳን፣ ከኋላው ያለው በተቀመጠበት ይንደድ ማለትህ ነው። ይህን የጻፈው እጅ እኔን ሩዝ ያጎረሰኝ እጅ ነው? ያንን ርኩስ ማታለያ ደግሞ በቅዱስ ስም ትጠራላችሁ። አፋችሁ አይፈራም? እኔ የሽንት ጨርቅና የሰው ጥፍር ያንገፈግፈኝ ነበር፣ እሱ እንኳ ሲታጠብ ይለቃል።

ማንግ ኦኖሪዮ የጻፈልኝን የድጋፍ ደብዳቤ እያስታወስክ ታሥረኛለህ። "ሠራተኛዋ ጠንቃቃና ሐቀኛ ናት" ነበር የሚለው። ደህና፣ እንዳለው ሆኜለታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ካርዱን ጻፍኩ። ሦስት መስመር ነው። "የሁሉም ወንበሮች ትራስ እሳት የሚከላከለው ጨርቅ የለውም። ስፖንጁ ለአውሮፕላን የተፈቀደ አይደለም። የፍተሻ ምልክቱ ሐሰት ነው።" ከሥሩ ሳሉድ ማካራኢግ ብዬ ስሜን አሰፈርኩ። ኮህ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ሁሉ ተፈቱ። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ በዚህ ሁኔታ አይወጣም።

ኮህ አንዱን ምልክት ይዞ መጥቶ "የቤተሰብ ስምሽ ማካራኢግ ነው አይደል? ይህ ፊርማ ማካራኢግ የሚል ይመስላል። ታውቂዋለሽ?" አለኝ። "አላውቀውም፣ ወንድሜ ቆራጭ ነው እንጂ ፈታሽ አይደለም፣ አገራችን ማካራኢግ ብዙ ነው" አልኩት። በዚህ ሥራ ላይ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው። ዋሽቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ምራቄን ተፋሁ። ላንተ ያደረግኩልህ የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው።

ሳሉድ


ፓራኛኬ፣ ሜይ 2 ቀን 1994

ሳሉድ፣

በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አንተ ብለሽኝ አታውቂም። ይሁን።

ያደረግሽውን ልንገርሽ። አየር መንገዱ ስለ ካርዱ ነግሮት ኖሮ፣ ሐሙስ ዕለት ማንግ ኦኖሪዮ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስጠራኝ። አልጮኸም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ቢራ ቀዳልኝ። "ኩምፓሬ፣ ያቺን እህትህን ያሳደግካት በእጅህ አልነበረም?" አለኝ። ሴቶቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ከአዋቂ ሰው ፊት እንደሚቀጣ ተማሪ ልጅ አንገቴን ደፋሁ። "የሲንጋፖር ካርድ እዚህ አይሠራም። የአየር መንገዱ ሌሎች ሁለት አውሮፕላኖች እዚህ አሉ፣ ሁለቱም የእኛን ትራስ ለብሰው ይበራሉ፣ ለተሳፋሪው የነገረው የለም፣ የሚነግረውም የለም" አለኝ። ከዚያ ብርጭቆዬን እንድጨርስ አደረገኝ። ከእሱ ቢራ መጠጣት እንዲህ ይመርራል ብዬ አላስብም ነበር።

አሁን የደበቅኩሽን ልናገር። ሉሚንግ ቢሮ አይደለም የምትሠራው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በዚያው አየር መንገድ ሆስተስ ናት። ያስገባት እሱ ነው። በሳምንት አራት ቀን ወደ ዛምቦአንጋና ወደ ዳቫኦ ትበራለች። ካርዱ ስህተት ነበር ብለሽ ለአለቃሽ ካልጻፍሽ ልጅቷን ያስወጣታል፣ እንዲህ ብሎ ነግሮኛል። ሁለት መስመር ይበቃል። "ተሳስቼ ነው፣ በደንብ አላየሁም" በይ። ለእኔ ስትይ ባይሆን ለእሷ ስትይ።

ስለ እሷ ደኅንነት እንዳትሰጊ። ጠይቄያታለሁ፣ የምትቀመጠው ከኋለኛው በር ጎን ነው፣ መውጫው እጇ ላይ ነው።

መስዮ


ሲንጋፖር፣ ሜይ 9 ቀን 1994

ኔሜስዮ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት።

ልጅህ በር አጠገብ ስለምትቀመጥ አትስጊ ትለኛለህ። ሆስተስ እኮ መጀመሪያ አትወጣም። በሩን ከፍታ፣ ቆማ፣ እየጮኸች ሰው ታስወጣለች፤ የደከመውን ትገፋለች፣ የፈዘዘውን ትጎትታለች፣ ራሷ የምትወጣው መጨረሻ ነው። ሥራዋ ይኼ ነው። ዘጠና ሰከንዱን ሙሉ አንተ በፈረምክበት ጭስ ውስጥ ቆማ ትቆጥራለች። ትራሱ ላይ ስትፈርም የማን ልጅ ትቀመጥበታለች ብለህ ነበር የምታስበው? የሌላ ሰው ልጅ ናት ብለህ ነው?

ካርዱን አልሽረውም። ብፈልግም አይፋቅም፣ ደግሞ አልፈልግም። እዚያ ያሉት ሁለቱ አውሮፕላኖች ግን ከእጄ ውጭ ናቸው፤ ኮህ ለአገራችን የበረራ መሥሪያ ቤት ቢጽፍም መልስ የለም። የትኛው ወንበር ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ፣ እጁን አንስቶ "እኔ ነኝ" ማለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱ ደግሞ አበልጁን ያፍራል።

መጀመሪያ ለሉሚንግ ንገራት። ዓይኗን እያየህ ንገራት። ካልነገርካት አትጻፍልኝ፣ የእጅ ጽሑፍህን ማየት ያመኛል።

ሳሉድ


ፓሳይ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጁን 11 ቀን 1994

ሳሊንግ፣

ነገርኳት።

ይህን ለማለት አንድ ወር ፈጀብኝ። ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ "ሩዙ በስሏል" ብያት ገብቻለሁ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ ወጥ ቤት አስቀምጬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ስንት ወንበር?" አለችኝ። "ሁሉም" አልኳት። "እኔ የምቀመጥበትስ?" አለች። "እሱም" አልኳት። ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተችና እጇን በሳሙና ታጠበች። ምንም ሳትነካ ነው የታጠበችው። "አባዬ፣ ትናንት ከዛምቦአንጋ ስንመጣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትዮ ወንበራችሁ እንዴት ይለሰልሳል ብላ አመሰገነችኝ" አለችኝና ወጣች። ያን ሌሊት ጓደኛዋ ጋ አደረች። በማግስቱ ሥራዋን ለቀቀች፤ አውሮፕላኖቹ ግን ያለ እሷ በረሩ።

ማክሰኞ የበረራ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ "አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ" አለኝ። "ዛሬ ከሰዓት አንዱ ወደ ዳቫኦ ይነሳል" አልኩት። "ታዲያ መነሣቱ ምን ያስደንቃል፣ አውሮፕላን አይደል" ብሎ ሣቀ። መሳቢያውን ሲከፍት ውስጡን አየሁት፤ የእናንተ የሚስተር ኮህ ደብዳቤ እዚያ አለ፣ ፖስታው እንኳ አልተቀደደም።

ረቡዕ የፋብሪካው መጋዘን ቁልፍ ገና በእጄ ነበር። ሁለት ትራስ አወጣሁ። አንዱ ሳንቶ ነው፣ ሌላው ተፈርሞበት ለመላክ ከተደረደረው። ባለሦስት እግር ሞተር ተሳፍሬ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ በምሳ ሰዓት ወረድኩ። ዘበኛው "አባት፣ እዚህ መሸጥ ክልክል ነው" አለኝ። "አልሸጥም፣ ላሳይ ነው" አልኩት። ጋዋኔን ለበስኩ። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዷ "መድኃኒት ሻጭ ነው" አለች። መጀመሪያ ሳንቶን በችቦ ለኮስኩት። ችቦውን ሳነሳ ጠፋ። አንዳንዱ አጨበጨበ።

ሁለተኛውን ለኮስኩና ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ላይ ልብሱ ተሰነጠቀ። ሃያ ላይ ነበልባሉ ከዘበኛው ወገብ በለጠ። ሠላሳ ላይ ስፖንጁ ቀልጦ አስፋልቱ ላይ እየነደደ ፈሰሰ፣ አንዱ ባልዲ ውኃ ሲደፋበት እየነደደ ተበታተነ። አርባ ላይ የሚሥቅ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም አፉን በመሐረብ ይዞ ይሸሽ ነበር። ያ ክራባት ያሰረው ሰውዬ ለማየት ወጥቶ ኖሮ የአበባው መደብ ላይ ጎንበስ ብሎ አስመለሰው። እኔ ከጭሱ አልሸሸሁም። ከፈታሽነቴ ዘመን ሁሉ በትክክል የፈተሽኩት ይህን አንድ ትራስ ነው። ዘጠና ስደርስ የቀረው ጥቁር እድፍ ብቻ ነበር። ሳሊንግ፣ ራሴን እጸየፈዋለሁ። ይህን የምጽፈው እንድታጽናኚኝ አይደለም።

ፖሊሶቹ "በአደባባይ እሳት ማንደድ" ብለው መዘገቡኝ። "በሐሰት መፈረምም አለበት፣ እሱንም ጻፉት" ብላቸው ሃምሳ አለቃው "አባት፣ አንዱ ክስ አይበቃዎትም?" አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ግን ራሱ መጣ። ልብሱ ገና ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። "ማን ነው የፈረመው?" አለኝ። "እኔ" አልኩት። በማግስቱ ሁለቱም አውሮፕላኖች ከበረራ ታገዱ።

እገዳው ግን ለጊዜው ነው። ማንግ ኦኖሪዮ ጠበቃ አቁሟል። ያሳየሁት ትራስ የፋብሪካው እንዳልሆነ፣ ተቀይሜ ከገበያ ስፖንጅ ገዝቼ ራሴ ሰፍቼ ፊርማውን ሰሞኑን እንዳኖርኩበት ይናገራል። መጋዘኑ በአንድ ሌሊት ጸድቷል። ሴቶቹ ምንም አላየንም ብለዋል፤ ልጆች አሏቸው፣ አልፈርድባቸውም። አየር መንገዱም እገዳው እንዲነሳለት በየቀኑ ይወተውታል። ከማንግ ኦኖሪዮ ጋር ከመጣላቴ በፊት፣ በማርች ወር፣ እናንተ ጋ በገባው አውሮፕላን ወንበሮች ላይ የተገኘው ፊርማ የእኔ መሆኑን ማስረዳት የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ። መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወደ ሲንጋፖር ይልካል። ያን ምልክት ፊትሽ ያስቀምጡና "ፊርማውን ታውቂዋለሽ?" ይሉሻል።

ባለፈው አላውቀውም ብለሽልኛል። አሁን እንዳትይ። የአጎቴ ልጅ ነው በይ፣ ያሳደገኝ ነው በይ፣ ፊርማው የእሱ ነው፣ እያወቀ ነው የፈረመው በይ። ዕድሜው ነው፣ ተገዶ ነው፣ አበልጁ ነው የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ስንት ዓመት እንደሚፈረድብኝ ጠበቃ ነግሮኛል፣ እሱን ለእኔ ተይው።

እንዳታዝኚልኝ፣ ሳሊንግ። ካዘንሽልኝ አውሮፕላኖቹ ይነሳሉ።

ኔሜስዮ ማካራኢግ